ሜይንን አትንኩ፦ የሰው ፕሮጀክት ፎርክ አድርጎ ለማዋጣት ከድሬ የተጻፈ መመሪያ

ፎርክ ማድረግ፣ ማለትም የሰውን ፕሮጀክት ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ በራስ ስም መቅዳት፣ ቀላል ነው፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ድሬም ሆነ ሐረር ኮድ የሚሞካክሩ ልጆችን ጊትሀብ ገጽ ብትከፍቱ ፎርክ በፎርክ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ወደ ዋናው ፕሮጀክት የገባ ነገር ግን የለም። ኮድ መጻፍ አቅቷቸው አይደለም። የትኛው ቅጂ የማን እንደሆነ ሳይለዩ ስለሚጀምሩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋናው ፕሮጀክት ሲቀየር ሁሉም ነገር ይተበተብባቸዋል፣ ከዚያ ይሰለቻል፣ ይተዋል።

ስለዚህ እዚህ የማወራው ስለ ዝግጅቱ ነው። ዝግጅቱ ከተስተካከለ የቀረው እዳው ገብስ ነው።

ስለ ትዕዛዞቹ፦ እዚህ የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ ነው። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትተይቧቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ክፍተቱንና ሰረዙን እንዳለ ጠብቁ። ሁለት ሰረዝ ካያችሁ ሁለት ነው፣ አንድ ከሆነ አንድ።

ምሳሌ ያስፈልገናል። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር አንድ ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) አለ እንበል። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ብላችሁ ስትሰጡት «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላችኋል። ቀኑ ግን ነበር። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜ 6 ቀን ነበራት፣ የመጨረሻዋም በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ላይ ውላለች። ኮዱ ውስጥ ስትገቡ፣ የጻፈው ሰው «ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 0 ከሆነ» ብሎ አስቀምጦታል፣ ልክ እንደ ፈረንጆቹ አስቦ። በኛ አቆጣጠር ግን ቀሪው 3 ሲሆን ነው። በቃ፣ የአንድ ቁጥር ለውጥ። እንዲህ ያለውን ስህተት ቶሎ የሚያየው ደግሞ እዚሁ ሀገር ያለ ሰው ነው፣ ሌላው ጳጉሜ መኖሯንም ላያውቅ ይችላል።

ሦስቱ ቅጂዎች

ከምንም ነገር በፊት ይሄን ጭንቅላታችሁ ውስጥ አስገቡ። ሪፖዚተሪው፣ ማለትም የፕሮጀክቱ ኮድ ከነታሪኩ፣ ሦስት ቦታ ነው የሚኖረው። አንደኛው ጊትሀብ ላይ ያለው ዋናው ነው፤ ባለቤቶቹ ሌሎች ናቸው፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ አትችሉም። ይሄን አፕስትሪም እንለዋለን። ሁለተኛው እናንተ ፎርክ ስታደርጉ በስማችሁ ጊትሀብ ላይ የሚፈጠረው ነው፤ ኦሪጂን ይባላል። ሦስተኛው ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ነው፣ ሥራው የሚሠራው እሱ ላይ ነው።

አዲስ ነገር ከአፕስትሪም ወደ ላፕቶፕ ይመጣል። የሠራችሁት ከላፕቶፕ ወደ ኦሪጂን ይሄዳል። ከኦሪጂን ወደ አፕስትሪም ደግሞ በፑል ሪኩዌስት፣ «ለውጤን ተቀበሉኝ» በሚል ጥያቄ፣ ትለምናላችሁ። የተምታታባችሁ ቀን ወደዚህች አንቀጽ ተመለሱ። ዘጠና በመቶው መምታታት ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ቆጥሬ ሳይሆን ከማየት ነው።

አካውንትና ቁልፍ

ጊት ላፕቶፓችሁ ላይ ከሌለ ጫኑ፣ ጊትሀብ ላይም አካውንት ክፈቱ። ጊትና ጊትሀብ አንድ አይደሉም፤ ጊት ሊነስ ቶርቫልድስ በፈረንጅ 2005 ለሊኑክስ ሥራ ብሎ የሠራው መሣሪያ ነው፣ ጊትሀብ ደግሞ በፈረንጅ 2008 የመጣ፣ በፈረንጅ ከ2018 ጀምሮ የማይክሮሶፍት የሆነ ድረ ገጽ ነው። ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? መብራት ሲጠፋ ወይም ኔት ሲቆም ጊት ይሠራል፣ የማይሠራው ጊትሀብ ነው።

ከዚያ ስማችሁንና ኢሜይላችሁን አስገቡ፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ዩዘር.ኔም «ስማችሁ»
ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ዩዘር.ኢሜይል «ኢሜይላችሁ»

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ያስገባችሁት ኢሜይል በያንዳንዱ ኮሚት (መዝግባችሁ ባስቀመጣችሁት ለውጥ) ላይ ይለጠፋል፣ ማንም ያየዋል፣ በኋላ ማጥፋትም አይቀናም። ኢሜይሌ አደባባይ አይውጣብኝ የምትሉ ከሆነ ጊትሀብ ሴቲንግ ውስጥ ኢሜይልስ የሚለው ጋ ግቡና ኢሜይል እንዲደበቅ አድርጉ፤ «ኖሪፕላይ» ያለበት አድራሻ ይሰጣችኋል፣ እሱን ተጠቀሙ።

ቀጥሎ የኤስኤስኤች ቁልፍ፣ ጊትሀብ በፓስወርድ ፋንታ የሚለያችሁ ፋይል። ጊትሀብ ከነሐሴ 2013 ጀምሮ፣ በፈረንጅ ኦገስት 2021 ማለት ነው፣ ከተርሚናል በፓስወርድ ፑሽ ማድረግን (ሥራን ወደ ጊትሀብ መላክን) አስቀርቷል። ስለዚህ አሮጌ ቪዲዮ አይታችሁ ፓስወርድ እያስገባችሁ አትልፉ።

ኤስኤስኤች-ኪጀን -ቲ ኢዲ25519

ሁለት ፋይል ይወጣል። በነጥብ ፐብ የሚያልቀውን ከፍታችሁ ኮፒ አድርጉና ጊትሀብ ሴቲንግ ውስጥ ኤስኤስኤች ኪይስ የሚለው ጋ ለጥፉት። ሌላኛው፣ ነጥብ ፐብ የሌለው፣ ለማንም አይሰጥም። ቴሌግራም ላይ «ይሄ ነው ወይ?» ብላችሁ እንዳትልኩት። መሥራቱን ለማየት፦

ኤስኤስኤች -ቲ ጊት@ጊትሀብ.ኮም

እዚህኛው ላይ ቲዋ ትልቋ ቲ ናት፣ ቁልፉን ስናወጣ የነበረችው ትንሿ ናት። በስማችሁ ጠርቶ ሰላም ካላችሁ ጨርሳችኋል። ሼል የለም ምናምን የሚል ነገር ቢጨምርም ስህተት አይደለም። ዝም ብሎ ከቆየና ታይም አውት ካለ ግን፣ ግቢ ወይም ካፌ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ፖርት 22 ተዘግቶ ይሆናል። መላ አለው። ነጥብ ኤስኤስኤች በሚባለው ፎልደር ውስጥ ኮንፊግ የሚል ፋይል ፍጠሩና ይሄን አስገቡ፦

ሆስት ጊትሀብ.ኮም
ሆስትኔም ኤስኤስኤች.ጊትሀብ.ኮም
ፖርት 443
ዩዘር ጊት

443 ተራ ድረ ገጽ የሚከፈትበት በር ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይዘጋም።

ፎርክ

የፕሮጀክቱን ገጽ ክፈቱ። ፎርክን ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ነገር አንብቡ፦ ሪድሚውንና ኮንትሪቢዩቲንግ የሚባለውን ፋይል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) እንዴት እንደሚሮጥ፣ ለውጡ ወደ የትኛው ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) እንደሚላክ፣ ኮሚት ላይ ፊርማ ይፈልጉ እንደሆነ እዚያ ነው የተጻፈው። ኢሹዎቹንም (ሰዎች ያስመዘገቧቸውን ችግሮች) ፈልጉ፤ የጳጉሜዋን ነገር ሌላ ሰው ከፍቶት ወይም እየሠራው ሊሆን ይችላል። ማንም ካልያዘው አጭር ኢሹ ክፈቱና «ልሥራው?» በሉ።

ከዚያ ከላይ በቀኝ በኩል ፎርክ የሚለውን ተጫኑ። ሜይን ብራንችን (ዋናውን ቅርንጫፍ) ብቻ ኮፒ አድርግ የሚል ሳጥን ላይ ምልክት ታገኛላችሁ፣ እንዳለ ተዉት።

ክሎን፣ በኛ ኔት

አብዛኛው መመሪያ እዚህ ጋ አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። የጻፉት ሰዎች ኔታቸው አይቆረጥም መሰለኝ። እኛ ጋ ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ጊት ክሎን፣ ማለትም ሪፖዚተሪውን ወደ ላፕቶፕ ማውረድ፣ መሀል ላይ ከተቆረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። 90 በመቶ ደርሶ ቢቆምም ያው ነው፣ ካርዳችሁን በላ።

ለትንሽ ፕሮጀክት ችግር የለም። የፎርካችሁን አድራሻ፣ የዋናውን ሳይሆን የፎርካችሁን፣ ኮድ ከሚለው አረንጓዴ ቁልፍ ውስጥ ኤስኤስኤች የሚለውን መርጣችሁ ኮፒ አድርጉና፦

ጊት ክሎን አድራሻው

ፕሮጀክቱ ትልቅ ከሆነ ግን እንዲህ አድርጉ፦

ጊት ክሎን --ፊልተር=ብሎብ:ነን አድራሻው

ይሄ የኮሚቶቹን ታሪክ በሙሉ ያመጣል፣ የድሮ ፋይሎችን ይዘት ግን እስክትፈልጓቸው ድረስ አያወርድም። ዳታ ይቆጥባል፣ ሪቤዝንም (ለውጣችሁን አዲሱ ሜይን ላይ መልሶ መደረብን፣ ታች አለ) አያበላሽም። ጉዳቱ፣ የቆየ ነገር ስታዩ ኔት ይጠይቃል።

እሱም ካልገፋ፣ የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ በ--ዴፕዝ 1 አውርዱ። እሱ ከገባ በኋላ ኔት ደህና በሆነ ሰዓት ጊት ፌች --ዲፐን=100 እያላችሁ ታሪኩን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። አንዱ ቢቆረጥ የሚጠፋው ያቺ ቁራጭ ብቻ ናት። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ መጠበቅም ያዋጣል፤ ድሬ ላይ ለነገሩ ሥራ የሚሠራውም ሙቀቱ በረድ ሲል ነው፣ ከቀትር በኋላማ ከተማው ራሱ ተኝቷል።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ሐረር ደህና ዋይፋይ ያለው ጓደኛ አላችሁ? ሙሉውን ክሎን ያድርግና ሪፖዚተሪው ውስጥ ሆኖ ይሄን ይጻፍ፦

ጊት በንድል ክሪዬት ካሌንደር.በንድል --ኦል

ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ይገባል። ፍላሽ ላይ አድርጎ ደንገጎን በሚወርድ ሚኒባስ ይላክላችሁ። እናንተ ጊት ክሎን ካሌንደር.በንድል ካሌንደር ብላችሁ ያለ አንድ ሜጋ ባይት ዳታ ታወጡታላችሁ። ከዚያ ኦሪጂን ፍላሹን እንዳያመለክት ወደ ፎርካችሁ አዙሩት፦

ጊት ሪሞት ሴት-ዩአርኤል ኦሪጂን የፎርካችሁ-አድራሻ

አፕስትሪምን ማገናኘት

ይሄን የማያደርግ ሰው ነው በኋላ የሚቸገረው። ፎልደሩ ውስጥ ግቡና፦

ጊት ሪሞት አድ አፕስትሪም የዋናው-አድራሻ
ጊት ሪሞት -ቪ

አራት መስመር መታየት አለበት፦ ሁለት ኦሪጂን፣ ሁለት አፕስትሪም። ኦሪጂን ላይ የእናንተ ስም፣ አፕስትሪም ላይ የእነሱ ስም መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ሁለቱም ላይ ስማችሁ ካለ ተሳስታችኋል፣ አሁኑኑ አስተካክሉ።

አንዲት ብልሃት ልጨምር። ወደ አፕስትሪም ፑሽ የማድረግ ፈቃድ ባይኖራችሁም፣ አንድ ቀን ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ያኔ በድንገት ዋናው ላይ እንዳትጽፉ በሩን ከወዲሁ ዝጉት፦

ጊት ሪሞት ሴት-ዩአርኤል --ፑሽ አፕስትሪም ዝግ

«ዝግ» በሚለው ፋንታ የፈለጋችሁትን ቃል አድርጉ፣ አድራሻ እስካልሆነ ድረስ ፑሹ አይሄድም።

ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ስትጀምሩ ሁሌ እነዚህን አራት መስመሮች፦

ጊት ስዊች ሜይን
ጊት ፌች አፕስትሪም
ጊት መርጅ --ኤፍኤፍ-ኦንሊ አፕስትሪም/ሜይን
ጊት ፑሽ ኦሪጂን ሜይን

ፌች አዲሱን ያመጣል፣ መርጅ ሜይናችሁ ውስጥ ያስገባዋል። አንዳንድ አሮጌ ፕሮጀክት ሜይን ሳይሆን ማስተር ነው የሚለው፣ ያያችሁትን ጻፉ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው ኤፍኤፍ-ኦንሊ ጠባቂ ናት። ሜይን ላይ የራሳችሁን ኮሚት ጨምራችሁ፣ ዋናውም ከተቀየረ እምቢ ትላለች። እምቢ ስትል በጉልበት አትለፏት፤ ምን እንደምታደርጉ ታች አለ።

ምንም ሳትነኩ አስኪዱት

ዲፔንደንሲዎቹን (ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች) ጫኑ፣ ቴስቱን አስኪዱ። አንድም ፊደል ሳትቀይሩ ነው የምላችሁ። መጀመሪያውኑ የማያልፍ ቴስት ካለ አሁን እወቁት፣ አለበለዚያ በኋላ የራሳችሁ ጥፋት መስሏችሁ ሌሊቱን ሙሉ ትደክማላችሁ። ዲፔንደንሲ ብዙ ጊዜ ከሪፖዚተሪው ራሱ ይከብዳል፣ ስለዚህ ይሄን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ጨርሱት። ከዚያ በኋላ ኮድ መጻፍ፣ ብራንች መክፈት፣ ኮሚት ማድረግ፣ ታሪክ ማየት ሁሉ ያለ ኔት ይሆናል። ከሰዓት በርጫ ላይ ቁጭ ብላችሁም ትሠሩታላችሁ፣ ኔት የሚያስፈልገው ፌችና ፑሽ ላይ ነው።

ብራንች

ሜይን የአፕስትሪም ግልባጭ ነው፣ ምንም አይጻፍበትም። ለእያንዳንዱ ሥራ አዲስ ብራንች፦

ጊት ስዊች -ሲ ጳጉሜ-ፊክስ

ስሙን አጭርና ግልጽ አድርጉት። ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሆነ አትርሱ። ሁለት ሥራ ካላችሁ ሁለት ብራንች፣ ሁለቱም ከሜይን የሚነሱ። የጳጉሜዋን ማስተካከያ ከሌላ ነገር ጋር አንድ ላይ ብታጭቁት፣ ሌላው ካልተወደደ የጳጉሜዋም አብራ ትቀራለች።

ለውጡና ኮሚቱ

መጀመሪያ ቴስቱን ጻፉ። ለምሳሌያችን ሦስት ቀን ይበቃል፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11፣ 2023 መሆን አለበት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ደግሞ «የለም» መባል አለበት። ሦስተኛዋ ናት ቁልፏ፤ 2016 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል አሮጌው ኮድ ይቀበላታል፣ የሌለችውን ቀን አለች ይላል። አስኪዱት፣ ይውደቅ። ከዚያ ቁጥሯን ከ0 ወደ 3 ቀይሩና ደግማችሁ አስኪዱ።

አሁን፦

ጊት ዲፍ

የቀየራችሁት ብቻ መታየት አለበት። ሁለት መስመር ነክታችሁ 400 መስመር ቀይና አረንጓዴ ከታየ፣ ኤዲተራችሁ በራሱ አሰላለፉን ቀይሮታል ወይም የዊንዶውስ የመስመር መጨረሻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኮር.ኦቶሲአርኤልኤፍ የሚለውን ኮንፊግ ትሩ ማድረግ ይፈታዋል። ኤዲተሩ ከሆነ ሴቭ ሲደረግ ፎርማት የሚያደርገውን አጥፉት። ይሄን ሳታስተካክሉ አትላኩ፣ ማንም ሜንቴይነር (ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድር ሰው) 400 መስመር ውስጥ ሁለት መስመር አይፈልግላችሁም።

ጊት አድ -ፒ
ጊት ኮሚት

ፒዋ እያንዳንዷን ለውጥ እያሳየች «ይግባ? አይግባ?» ትላችኋለች። አዲስ የፈጠራችሁትን ፋይል ግን አታየውም፤ ቴስቱ አዲስ ፋይል ከሆነ በስሙ ጠርታችሁ ጊት አድ አድርጉት። ለሙከራ ያስገባችሁት ፕሪንት እዚህ ጋ ይያዛል። የኮሚቱ መልእክት ፕሮጀክቱ በሚጠቀምበት ቋንቋ ይሁን፣ የመጀመሪያው መስመር ምን እንደተሠራ ይናገር። «አስተካከልኩ» ብቻ የሚል መልእክት ለማንም አይጠቅምም።

ፑሽና ፑል ሪኩዌስት

ጊት ፑሽ -ዩ ኦሪጂን ጳጉሜ-ፊክስ

የፎርካችሁን ገጽ ስትከፍቱ ፑል ሪኩዌስት ክፈት የሚል ቁልፍ ብቅ ይላል። ከላይ ሁለት ወገን አለ፦ ቤዝ የእነሱ ሪፖዚተሪና ብራንች ነው፣ ሄድ የእናንተ። ቤዙ ላይ የራሳችሁ ስም ካለ ለራሳችሁ ነው እየላካችሁ ያላችሁት።

ጽሑፉ ላይ ጊዜ ስጡ። የሚያነበው ሰው ምናልባት 13 ወር ያለው ዓመት ሰምቶ አያውቅም። ምን እንደሆነ፣ ምን መሆን እንደነበረበት፣ እንዴት እንደፈተሻችሁት በአጭሩ ንገሩት፤ «የኢትዮጵያ ዓመት 13ኛ ወር 5 ቀን ነው፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር 6 ይሆናል» በቂ ነው። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበር ማንም አይቀየማችሁም፣ አጭር አረፍተ ነገር ይሁን ብቻ። ኢሹ ካለ ክሎዝስ ብላችሁ በቁጥሩ ጥቀሱት፣ ለውጡ ሲገባ ኢሹው በራሱ ይዘጋል። ሜንቴይነሮች እንዲያርሙ ፍቀድ የሚለውን ሳጥን እንደተመረጠ ተዉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትልኩ አውቶማቲክ ቴስቶቹ ሜንቴይነር እስኪፈቅድ ላይጀምሩ ይችላሉ። ቆመው ብታዩ አትደንግጡ። መልስም ወዲያው አይመጣም፤ ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሚሠሩት። ሳምንት ካለፈ አንድ ጊዜ በትህትና አስታውሱ፣ በየቀኑ ግን አትነዝንዙ አቦ።

«ይሄን ቀይር» ካሏችሁ ፑል ሪኩዌስቱን ዘግታችሁ አዲስ አትክፈቱ። እዚያው ብራንች ላይ አስተካክሉ፣ ኮሚት፣ ፑሽ። ራሱ ይታደሳል።

ዋናው ከቀደማችሁ

እናንተ ስትጠብቁ ሌላ ሰው ያንኑ ፋይል ይነካና ኮንፍሊክት (ግጭት) ይላችኋል። ብራንቻችሁ ላይ ሆናችሁ፦

ጊት ፌች አፕስትሪም
ጊት ሪቤዝ አፕስትሪም/ሜይን

ሲቆም ፋይሉን ክፈቱ። የእነሱና የእናንተ ኮድ በምልክት ተከፍሎ ይታያል። የሚቀረውን አስቀሩ፣ ምልክቶቹን አጥፉ፣ ጊት አድ በሉ፣ ከዚያ ጊት ሪቤዝ --ኮንቲኒዩ። ከተወሳሰበ ጊት ሪቤዝ --አቦርት ብላችሁ ወደነበረበት መመለስ ነው፣ የጠፋ ነገር የለም። ሲያልቅ ቴስቱን ደግማችሁ አስኪዱና፦

ጊት ፑሽ --ፎርስ-ዊዝ-ሊዝ

ተራው ፎርስ አይሁን። ይሄኛው፣ እናንተ ሳታዩት ሌላ ሰው ብራንቻችሁ ላይ የጨመረው ነገር ካለ አይደፈጥጥም።

ሜይን ላይ ሠርታችሁ ከሆነ

ኤፍኤፍ-ኦንሊ እምቢ ያለቻችሁ እዚህ ኑ። መጀመሪያ ኮሚት ያልተደረገ ነገር እንደሌለ በጊት ስታተስ እዩ፣ ካለ ኮሚት አድርጉት፣ አለበለዚያ ሦስተኛው መስመር ይጠርገዋል። ከዚያ ሜይን ላይ እንዳላችሁ፦

ጊት ፌች አፕስትሪም
ጊት ብራንች ሥራዬ
ጊት ሪሴት --ሃርድ አፕስትሪም/ሜይን
ጊት ስዊች ሥራዬ

ሥራችሁ «ሥራዬ» በሚለው ብራንች ላይ አለ፣ ሜይን ጸድቷል። የተበላሸውን ሜይን ፎርካችሁ ላይ ፑሽ አድርጋችሁት ከነበረም ጊት ፑሽ --ፎርስ-ዊዝ-ሊዝ ኦሪጂን ሜይን ያስተካክለዋል።

ከገባ በኋላ

መርጅ ሆነ? እንኳን ደስ አላችሁ። አራቱን መስመሮች ደግማችሁ ሜይንን አድሱ፣ ከዚያ ብራንቹን አጥፉ፦

ጊት ብራንች -ዲ ጳጉሜ-ፊክስ
ጊት ፑሽ ኦሪጂን --ዲሊት ጳጉሜ-ፊክስ

የመጀመሪያው «ሙሉ በሙሉ አልተቀላቀለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ብዙ ፕሮጀክት ኮሚቶቻችሁን ጨፍልቆ በአንድ ስለሚያስገባ ጊት አያውቃቸውም። ለውጡ አፕስትሪም ሜይን ላይ መኖሩን በዓይናችሁ አይታችሁ ከሆነ በትልቋ ዲ አጥፉት። ፎርኩን ራሱን ግን አታጥፉ፣ ለሚቀጥለው ኢሹ ያስፈልጋል።